የስለቱ ዶላር

አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ የብር ነገር ያንጠለጠለ ሰው ካገኘሁ ዓይኔ ወደ ፊቱ አይሄድም። ስንት ጊዜ ተመክሬ፣ ስንት ጊዜ ተቆጥተውኝ አልለቀቀኝም። አንድ ቅዳሜ ዘመሮ ገበያ መሀል የአክስቴ ባል እጃቸውን ዘርግተው ሰላም ሲሉኝ እኔ አጎንብሼ የበርኖሳቸውን ቁልፍ እመረምር ነበር። "አንቺ ልጅ፣ እኔ እዚህ ላይ ነኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ላይ ነበሩ። ቁልፉ ግን ቁልፍ አልነበረም። የአሜሪካ አሥር ሳንቲም ነበር፤ ከጀርባው ትንሽ ቀለበት ተበይዶለት በጥቁሩ በርኖስ ላይ ፍጥጥ ብሎ ያየኛል።

የጀመረኝ እሱ ነው። የአክስቴን ባል በልጅነታቸው ያስተማራቸው አሜሪካዊ መምህር ሲሰናበታቸው ለማስታወሻ የሰጣቸው ሳንቲም ነበር። አዲስ ሹራብ ከነሙሉ ቁልፉ ገዝቼ ሰጠኋቸውና ያችን አንድ ቁልፍ ወሰድኩ። እሳቸው እስከ ዛሬ ያታለሉኝ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ አጠረኝ፤ ኪሴ ውስጥ እየነካካሁት፣ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው የደረስኩት።

ዘመሮ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ባልደረቦቼ "ሰው ቤት ይሠራል፣ አንቺ የፈረንጅ ዝርዝር ትለቅሚያለሽ" ይሉኛል። ብር መሰብሰብ ካማረሽ ማርትሬዛ አለልሽ አይደል ወይ ይላሉ። እኔ ማርትሬዛን አልንቅም፤ ግን የሰፈር ሰው ናት። በሀገራችን እሷን ያላየ ሽማግሌ፣ በአንገቷ ያላሰረቻት ሙሽራ የት አለች? የአሜሪካው ብር ግን እንግዳ ነው። ማን አመጣው? በየት አድርጎ፣ በማን ኪስ ሆኖ እዚህ ውርጭ ላይ ደረሰ? አንዱን በእጄ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱን ሳልሰማ ገና ልቤ ድው ድው ይላል።

ደግሞም ሁሉም ብር አይደለም። ድሮ የተሠሩት የአሜሪካ ሳንቲሞች የምር ብር ናቸው፤ በኋላ የመጡት ላያቸው ነጭ ሆኖ ሆዳቸው መዳብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙን አያለሁ። ቀይ መስመር ከታየኝ አመስግኜ እመልሳለሁ። ጠርዙ ነጭ ከሆነ ጣቴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ በሌላ ሳንቲም መታ አደርገዋለሁ። ብር ሲመታ ድምፁ ቶሎ አይሞትም። ያ ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ከገባ በኋላ ማንም ምን ቢለኝ አልሰማም።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ጓሳ ወጥቼ ነበር፤ ሣሩ እንዴት እንደሚጠበቅና መቼ እንደሚታጨድ ላስረዳቸው። ንግግሬ መሀል አንድ ሰው በፈረስ አለፈ። የፈረሱ ግንባር ላይ፣ በቀይ ጨርቅ መሀል፣ የአሜሪካ ግማሽ ዶላር! ተማሪዎቼን ትቼ ሮጥኩ። ሰውየው ሴት ከኋላው እየጮኸች ስትሮጥ ሲያይ ልጓሙን ስቦ ቆመና ነጠላውን አደግድጎ "ማን ሞተ?" አለኝ። በእኛ ሀገር ሰው እንዲያ የሚሮጠው ለመርዶ ነው። "ኧረ ማንም አልሞተም፤ የፈረሱን ግንባር ልየው ብዬ ነው" ስለው ከፈረሱ ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። በአዲስ ልጓምና በእጅ ባትሪ ተስማማን። ተማሪዎቼ ያን ቀን ስለ ሣሩ የተማሩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

የሚያቃጥለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማጠባቸው። መምህርቷ የድሮ ብር ትፈልጋለች የሚል ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ሰው ያለውን ሊያሳየኝ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ግን ያጥበዋል። በሎሚ፣ በአመድ፣ በአሸዋ ሳይቀር። ለሰው የቆሸሸ ነገር ማቅረብ ነውር ነዋ! ያ ጥቁረት ብሩ ስንት ዘመን የለበሰው ልብሱ እንደሆነ፣ እሱን የገፈፈ ሰው ብሩን ቆዳውን እንደገፈፈው ብነግራቸው ማን ይሰማኛል? ከግሼ አንዲት ሴት ግማሽ ዶላር ይዛልኝ መጣች። በላዩ ላይ ወደ ፀሐይ የምትራመድ ሴት አለች፤ አውቃታለሁ፣ በስልኬ ስንት ሌሊት አይቻታለሁ። በአመድ ፈትገው ፊቷን አጥፍተውታል። "እንዴት አድርጌ እንዳጠራሁልሽ አየሽ?" አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን ይባላል? ገዛኋት፤ ሴትየዋ እስክትርቅልኝ ጠብቄ አለቀስኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ትንንሾቹን አገኘሁ። ለአንዷ ሩብ ዶላር ስል ዓለም ከተማ ድረስ በአውቶቡስ እየተንገላታሁ ሄጃለሁ፤ ይዣት ስመለስ ወገቤን አላመመኝም። የጎደለኝ አንድ ብቻ ነበር። ትልቁ። ሙሉው የአንድ ዶላር ብር። ያለበትን ደግሞ አውቅ ነበር፤ እብድ ያደረገኝም ይኸው ነው።

ከዘመሮ ወጣ ብሎ ከገብስ ማሳዎቹ በላይ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ። በዕድሜ እጅግ የሚበልጧቸው ባላቸው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ። ዶላሩን እዚያ አንድ የአሜሪካ ወታደር ሰጣቸው። ለምን እንደሰጣቸው ግን የሚያውቅ የለም። ለሚስታቸው አንዴ "ውሃ አጠጥቼው" ሲሉ፣ አንዴ "በካርታ በልቼው" ሲሉ፣ አንዴም "እንዲያው ወዶኝ" ሲሉ ኖረው አረፉ። ባልቴቷ "የኮሪያው ብር" ይሉታል። በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ከጎታው ገብስ መሀል ነው የሚያኖሩት።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን ጨርቁ ሲፈታ ጎንበስ አልኩበት። አልታጠበም! ማንም አመድ አላስነካውም! ጥቁር ግራጫ ሆኖ፣ ጠርዙ ጋ ወደ ሰማያዊ እየሄደ፣ ጸጉሯ በነፋስ የተበተነ የምትመስል ሴት በጎኗ ተቀርጻበት። ክብደቱ መዳፌን ወደ ታች ሲስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ባልቴቷ አዩኝና ሳቁ።

"ንግሥቲቱን ታውቂያታለሽ?" አሉኝ።

"ንግሥት አይደለችም እማማ፤ አሜሪካ ንግሥት የለም።"

"ንግሥት ያልሆነች ሴት ብር ላይ ምን ትሠራለች? ይልቅ አታውቂያትም።"

ይሽጡልኝ አልኳቸው። ፍሪጅ ልገዛ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበረኝ፤ ሁሉንም ልስጥዎ አልኳቸው። ሳቃቸው ቆመ።

"አይሸጥም ልጄ። ለሚካኤል ተስዬዋለሁ።"

ከዚያ ነገሩን አወጉኝ። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ለሥራ ሄዳለች። አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ቀምተው፣ ስልኳን ቀምተው፣ ድምፅዋ ከጠፋ ቆይቷል። በሕይወት ካመጣህልኝ ከቤቴ ካለው ሁሉ የሚበልጠውን እሰጥሃለሁ ብለው ነው የተሳሉት። ከቤታቸው ካለው ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እኔ በእጄ የያዝኩት ነበር። ለመመለስ እጄ እንዴት እንደከበደው!

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ልጅቷ እንድትመጣ መጸለይ ጀመርኩ። አይቻት የማላውቃት ልጅ! ዓረብ አገር በር ተዘግቶባታል ላሉኝ ልጅ፣ ጧፍ እያበራሁ፣ ከእናቷ ባልተናነሰ ለመንኩላት። ስለቱ ከደረሰ ዶላሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ቤተ ክርስቲያን የገባ ስለት በጨረታ ይወጣል፤ በጨረታ የወጣን ደግሞ ማንም ይገዛዋል። ሚካኤል ይህን ሁሉ እያወቀ ምን እንዳለኝ እንጃ። ባልቴቷን ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር ስኳር ይዤ እሄዳለሁ፤ እሳቸውም ጨርቁን ፈተው ትንሽ ያስይዙኛል። ስለ ልጅቷ እንነጋገራለን፤ መሬታቸውን የሚያርሰው ገበሬ እንኳ እንደ ዘመድ ያየኝ ጀመር።

ኅዳር ከመግባቱ በፊት ገበያ ላይ ወሬው መጣ። ልጅቷ ገባች! ቅቤ ሻጯ ስትነግረኝ እዚያው ዘለልኩ፤ ሰው "እህቷ ናት እንዴ?" አለ። ለልጅቷ ይሁን ለዶላሩ የዘለልኩት እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ደስታ ሲመጣ ከየት መጣህ አይባልም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ነበር። የፍሪጁን ገንዘብ በመቀነቴ ቋጥሬ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ከሴቶቹ መሀል ፊት ለፊት ቆምኩ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱን አድርጎ ከገባ በኋላ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ጨረታው ተጀመረ። የእኛ ሀገር የስለት ጨረታ እንዲህ ነው፤ ሰው የተሳለውን ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ጠቦት ያመጣል፤ መሪጌታው ድምፅ ማጉያውን ይዘው ያጫርታሉ። ያሸነፈ ሰው ይከፍላል፤ ዕቃውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ አይሄድም። "መልሻለሁ" ይላል፤ እልልታው ይቀልጣል፤ ያው ዕቃ እንደገና ይጫረታል። አንድ ጃንጥላ በአንድ ጠዋት ለአምስት ሰው ተሸጦ መልሶ እዚያው መቅደስ ይገባል። መውሰድ ክልክል አይደለም። ግን ሀገሩ መንዝ ነው፤ ሰው ያያል።

እኔ አስቤበታለሁ። አሸንፌ፣ ከፍዬ፣ እልል እየተባለ ቀስ ብዬ ይዤ እወጣለሁ። ማን ልብ ይለኛል?

መሪጌታው ነጩን ጨርቅ ፈትተው ዶላሩን ወደ ላይ አነሱት። "ከኮሪያ የመጣ፣ የጀግና ብር!" አሉ። ጠራሁ። ከኋላዬ ከሴቶቹ መሀል አንድ ድምፅ ጨመረ። ጨመርኩ። ጨመረች። ዞር ብዬ ሳይ ሁሉም በነጠላ ተሸፋፍኗል፤ የትኛዋ እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ግን አይመለስም። ደሜ ፈላ። እስኪ ምን ታደርግበታለች? የጆሮ ጉትቻ ልታሠራበት ነው? ለአንጥረኛ ሰጥታ ልታቀልጠው ነው? ይህን ሳስብ የፍሪጁን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጠራሁት። ድምፅዋ ዝም አለ። መሪጌታው "አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! ሦስት ጊዜ!" ብለው ሲጨርሱ ሰማይ የነካሁ መሰለኝ።

ከዚያ እኔን ሳይጠይቁ፣ ፊታቸው በደስታ እያበራ፣ "መምህርታችን ለታቦቱ መልሳለች! እልል በሉላት!" አሉ።

እልልታው ቅጽሩን ሞላው። አፌን ከፈትኩ፤ ማን ይሰማኛል! ጎኔ ያሉት ሴቶች ትከሻዬን ይስማሉ፤ አንዷ "ያድርግልሽ፣ ደጉን ያሰማሽ" ትለኛለች። መሪጌታው ዶላሩን እንደገና ወደ ላይ አነሱ። ወዲያው ያ ቀጭን ድምፅ ጠራ። ሌላ ማንም አልጨመረም። እኔ ከመቀነቴ የምጨምረው የለኝም። "አንድ ጊዜ!" አሉ። ወደ ደጀ ሰላሙ ስመለከት ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። "ሁለት ጊዜ!"

"አልመለስኩም!" ብዬ ጮኽኩ። "አልመለስኩም! የእኔ ነው፣ ይዤው እሄዳለሁ!"

ትከሻዬን የሳመችኝ ሴት አንድ እርምጃ ራቅ አለች። ከወንዶቹ በኩል "ከታቦት ጋር ትጋፋለች እንዴ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፊቴ ነደደ። እግሬ ግን ዓውደ ምሕረቱን ሲወጣ አላመነታም፤ እውነቴን ነው፣ በዚያ ሁሉ ዓይን መሀል እንኳ ዓይኔ ዶላሩ ላይ ነበር። መሪጌታው ጨዋ ሰው ናቸው። የመቀነቴን ቋጠሮ ተቀብለው፣ ዶላሩን መዳፌ ላይ አድርገው፣ "እንግዲህ ይባርክልሽ" ብቻ አሉኝ።

ከቅጽሩ ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ኀፍረቱ አልፎ ደስታው እንደገና መጣ፤ ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። ጠርዙን አየሁ፤ ነጭ። ገለበጥኩት፤ ንስሩ ከዓለት ላይ ቆሞ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጣቴ ጫፍ ላይ አድርጌ መታ ሳደርገው ያ ድምፅ እንዴት ያለ ነበር! ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

"እቴ፣ አንዴ ልየው?" አለኝ ያ ቀጭን ድምፅ።

ቀና አልኩ። ነጠላዋን ከራሷ አውርዳለች። ቀጭን፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ጸጉሯ አጭር ሆኖ የተቆረጠ። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅሁ፤ አፏ የባልቴቷ አፍ ነው። ያ ሁሉ ጸሎቴ፣ ያ ሁሉ ጧፍ ፊቴ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ስጫረት የዋልኩት ከእሷ ጋር ነው። ዶላሩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አደረገችው።

"ለእማዬ ልመልስላት ነበር" አለች። "በእኔ ምክንያት ነው እኮ ከእጇ የወጣው። የአባቴ ነገር ሌላ ምን አላት? ይዤያት የመጣሁትን ደመወዝ በሙሉ ጠርቼ ነበር።"

አሳዘነችኝ። ዓይኔ ግን እጇ ላይ ነው፤ ጣቶቿ መሀል ጠርዙ ይታየኛል። ውሰጂው ልላት አፌ ላይ ደርሷል፤ መልሺልኝ ማለትም ያምረኛል። ሁለቱ ሲተናነቁ ባልቴቷ ዱላቸውን እየተመረኮዙ፣ እያለከለኩ ደረሱ። ሊረግሙኝ ነው ብዬ ተነሳሁ። እሳቸው አንገቴን አቅፈው ጉንጬን ይስሙኝ ጀመር።

"እሰይ! እሰይ የኔ ስስታም! ተባረኪ! ምነው ዝም ትላለች፣ ምነው ወስጃለሁ አትልም እያልኩ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!"

ምንም አልገባኝም። ልጃቸው "እማዬ፣ እኔ እኮ ላንቺው ብዬ..." ስትል ዞሩባት። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

"ስለት ተመልሶ ከሰጪው ቤት አይገባም! ይህን እዚያ ሆነሽ ረሳሽው? አንቺን አምጣልኝ ብዬ እሱን ሰጠሁ። ልዋጭ ነው። እሱ ተመልሶ ቤቴ ከገባ ማን ሊወጣ ነው?"

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ እጇን እያየች ቆመች። ባልቴቷ ወደ እኔ ዞረው ክንዴን ጨበጡ።

"ያዢው። ሳጥንሽ ውስጥ ቆልፊው። ለማንም እንዳትሸጪ፣ ለማንም እንዳትሰጪ። እሷ መጥታ ብትለምንሽ እንዳትሰጪ። አርጅቼ፣ ልቤ ተሞኝቶ እኔ ራሴ መጥቼ ባለቅስብሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ። ማይልኝ።"

"በሚካኤል" አልኩ። "አልሰጥም፣ እማማ።"

ልጅቷ ጨብጣው የነበረውን እጇን ቀስ ብላ ከፈተች። ዶላሩ በላብ ርሷል። መዳፌ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ እናቷም የመጨረሻዋ ጣቴ እስክትታጠፍ ድረስ ዓይናቸውን ከእጄ አልነቀሉም።